ፀጉርሽን ለአንድ ከሰዓት አውሺኝ

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ለሊሴ ነገሪ ፀጉሯን ታጥባ ጌጃ ሰፈር ባለው ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ በሱፍቃድ እያለከለከ የግቢውን በር ገፍቶ ገባ። በሱፍቃድ የሰፈሩ መግቢያ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት አለው። ሲሮጥ ያየው ሰው የለም። ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ላብ የሚባል ነገር የሚጠላ ሰው ነው።

«አልደረቀም እንዴ?» አላት፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት።

«ምኑ?»

«ፀጉርሽ ነዋ።»

«ሊደርቅ ነው። ምነው በሱ?»

አጠገቧ ቁጢጥ አለና ትንፋሹን ሰበሰበ። «ፀጉርሽን ለአንድ ከሰዓት አውሺኝ።»

አባቷ ነገሪ ግቢው ጥግ ላይ የሶፋ እግር እየላጉ ነበር። ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጡና ቀና አሉ። «ቆርጠህ ልትወስደው ነው?»

«ኧረ አይደለም አባባ ነገሪ። ከነባለቤቱ ነው የምፈልገው።»

«እንደዚያ ከሆነ በደህና መልሰው። የእናቴ ፀጉር ነው» አሉ ነገሪ። ይህን ሲሉ አንድ ዘለላ ፀጉር የሌለበት የራሳቸው ራስ በፀሐይ ያበራ ነበር።

በሱፍቃድ ነገሩን አስረዳት። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሕንፃ ሰገነት ላይ «ዘለላ» የሚባል አዲስ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ እየተቀረጸ ነው። ፀጉር እንዲያሰማምር የተቀጠረው እሱ ነው። የማስታወቂያው ፊት ደግሞ ቃለሕይወት ናት።

«የትኛዋ ቃለሕይወት?» አለች ለሊሴ፣ ልቧ ቀድሟት እያወቀው።

«ስንት ቃለሕይወት ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ነው። ቃለሕይወትን የማያውቅ አልነበረም። ረቡዕ ማታ በሚተላለፈው ተከታታይ ድራማ ላይ ነርስ ሆና ትጫወታለች። ድራማው ሲጀምር በጌጃ ሰፈር ከየቤቱ የሚሰማው ድምፅ አንድ ይሆናል። ሻርፗን ወደ ግራ አስራ ከታየች በማግስቱ የኮሌጁ ሴቶች ሁሉ ወደ ግራ አስረው ይመጣሉ። ለሊሴ ራሷ መስታወት ፊት ቆማ የነርሷን አነጋገር ትለማመዳለች፤ ይህን የምታውቀው የልጅነት ጓደኛዋ ነጅማ ብቻ ናት።

«ታዲያ የኔ ፀጉር ምን ያደርግላታል?»

በሱፍቃድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲተኮስ፣ ሲቀባ፣ ዊግ ሲጫንበት የሷ ተጎድቷል። በአጭሩ ቆርጣዋለች። ዊግ አምጥተናል፤ ከፊት ያምራል። ከኋላ ግን ፀሐይ ሲመታው የአሻንጉሊት ፀጉር ይመስላል። ዳይሬክተሩ ደግሞ ከኋላ ካልቀረጽኩ ብሎ ሞቷል።»

ለሊሴ ነጠላ ጫማዋን በሌላ ጫማ ለመቀየር ብቻ ወደ ቤት ገባች።

ሰገነቱ ላይ ስትደርስ ሽቶ ሽቶ የምትል፣ ሰው የማታናግር ሴት አገኛለሁ ብላ ጠብቃ ነበር። ቃለሕይወት ግን ራሷን በሻሽ አስራ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳምቡሳ ትበላለች።

«ጤና ይስጥልኝ። እርስዎን በቴሌቪዥን...» ብላ ለሊሴ ቃሉ ጠፋባት።

«እርስዎ አትበይኝ፣ እባክሽ። ያን ያህል አላረጀሁም» አለች ቃለሕይወት። እጇን በሶፍት ጠርጋ ተነሳችና ዞራ የለሊሴን ፀጉር ተመለከተች። በጣቷ አንድ ዘለላ አንስታ ለቀቀችው። «ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው? ምን ትቀቢዋለሽ?»

«ምንም። እታጠበዋለሁ።»

«እድለኛ» አለች ቃለሕይወት፣ ያለ ቅናት። ከዚያ የተነከሰውን ሳምቡሳ ትታ ከሳህኑ አዲስ አንስታ ሰጠቻት።

ቀረጻው የቅባቱ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ቤካ እያየ ቀጠለ። ለሊሴን ቃለሕይወት ከለበሰችው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቢጫ ቀሚስ አለበሷት። ሥራዋ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ ወደ ሰገነቱ ጫፍ መሄድ ብቻ ነበር። ከጎን ትልቅ ቬንትሌተር ይነፋል። ከታች አደባባዩ ይታያል፤ ታክሲዎቹ ይጮኻሉ፣ ባቡሩ በድልድዩ ላይ ይንሸራተታል። ዳይሬክተሩ «ዘወር ልትይ ስትይ ቁሚ» ይላታል፣ ትቆማለች። ከዚያ ቃለሕይወት ዊጓን አድርጋ በእሷ ቦታ ትገባና ዘወር ብላ ትስቃለች። ሁለቱ ሲጋጠሙ አንድ ሴት ይሆናሉ። ለሊሴ በትንሿ ስክሪን ስታየው ከት ብላ ሳቀች፤ ቃለሕይወትም አብራት ሳቀች።

ሲያበቃ ቤካ ወደ ጎን ወሰዳትና በትሕትና ነገሩ በመካከላቸው እንዲቀር ለመናት። ለሊሴ ቃል ገባች። ምስጢሩ ራሱ ደስ ብሏት ስለነበር ልመናም አያስፈልገውም ነበር።

ማስታወቂያው ከፋሲካ በኋላ መታየት ጀመረ። ከድራማው በፊት፣ በድራማው መሐል፣ ከድራማው በኋላ። በስልክ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ። ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት በሰገነት ላይ ትሄዳለች፤ ጥቁር ጥቅጥቅ ያለ ፀጉሯ በነፋስ ይነሳል፣ ይመለሳል። ዘወር ስትል ቃለሕይወት ናት። «ምስጢሬን ልንገራችሁ?» ትልና ጠርሙሱን ታሳያለች። ብዙም ሳይቆይ ሜክሲኮ ላይ ሕንፃ የሚያህል ቢልቦርድ ተሰቀለ።

መጀመሪያ ላይ ለሊሴ እንደ በዓል ነበር የምትኖረው። ታክሲ ውስጥ ከፊቷ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ስለ ቃለሕይወት ፀጉር ሲያወሩ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ትነክሳለች። ሰው እንዳያውቃት ብላ የራሷን ፀጉር ጠቅልላ ኮፍያ ሥር መደበቅ ጀመረች። እንዳለች የምትባለው እናቷ እንኳ ልደታ ማርያም ተሳልማ መጥታ «ያቺ ነርስ ፀጉሯን እንዴት ብትይዘው ነው?» ስትል አባትና ልጅ ተያዩ። ነገሪ የልጃቸውን ቃል ያከብራሉ፤ ለሚስታቸውም አልተነፈሱም።

ሰፈሩ ውስጥ ዘለላ የማይቀባ ጠፋ። የጎረቤት ልጅ ኮከቤ ስምንተኛ ክፍል ናት። ፀጉሯ አጭርና ልስልስ ነው፤ ጆሮዋን አያልፍም። አክስቷን ለምና ቅባቱን አስገዛችና ጠርሙሱን ይዛ ለሊሴ ጋ መጣች።

«በምን አወቅሽ እንደሚሠራ?» አለቻት ለሊሴ።

«ቃለሕይወት ናት ያለችው። ነርስ ናት እኮ።»

«ነርስ ሆና ትጫወታለች እንጂ ነርስ አይደለችም።»

«አውቃለሁ» አለች ኮከቤ። «ግን ውሸታም አትመስልም።»

 እውነትም ቃለሕይወት ውሸታም አትመስልም። እሷም ብትሆን ያቺን ሴት ከወንበሯ ተነስታ ሳምቡሳ ስትሰጣት አይታታለች፤ ስለ ምንም ነገር ብትነግራት ታምናት ነበር።

ነጅማም ገዛች። ነጅማ ከልጅነቷ ጀምሮ ሂጃብ የምትለብስ፣ ፀጉሯን ከቤተሰቧና ከለሊሴ በቀር ሰው አይቶት የማያውቅ ልጅ ናት። ሁለቱ ከኮሌጅ ሲወጡ ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻት።

«አንቺ ደግሞ?» አለች ለሊሴ። «ማን ሊያይልሽ?»

«እኔ ነኛ። ስታጠብ የማየው እኔ አይደለሁም?»

«ለራስሽ ብቻ?»

«ለራሴ ብቻ። እንደ ቃለሕይወት ሆኖ ከሥር ተደብቆ እንዳለ ማወቁ ራሱ ደስ ይላል፣ ወላሂ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ያልታሰበ ነገር ለሊሴ ላይ መጣ። ማስታወቂያውን ደጋግማ ስታየው ያ ፀጉር ከእሷ እየራቀ ሄደ። ሁሉም የቃለሕይወት ነው ሲል፣ ዓይኗም የቃለሕይወት አድርጎ ያየው ጀመር። ጠዋት መስታወት ፊት ትቆምና ታወዳድራለች። የቢልቦርዱ ፀጉር ያበራል። በነፋስ እንደ ውሃ ይፈሳል። የእሷ ግን ፀጉር ብቻ ነው። ያን ቀን ቬንትሌተር እንደነበረ፣ በሱፍቃድ ግማሽ ሰዓት እንዳበጠራት፣ መብራት እንደነበረ ታውቃለች። ብታውቅም ልቧ አልሰማም። «ያኔ ያምር ነበር፤ አሁን ሳይጎዳ አይቀርም» አለች ለራሷ።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ስትወጣ በቢልቦርዱ ሥር አለፈች፣ መንገዱን ተሻገረች፣ ወደ አንድ የመዋቢያ ዕቃ መደብር ገባች።

«ዘለላ አለ?»

ሻጯ ኮፍያዋን አይታ አዘነችላት። ፀጉሯ አልቆ የምትደብቅ ነበር የመሰላት። «አለ፣ የኔ ቆንጆ። አይዞሽ፣ ትንሽ ታገሺ እንጂ ልክ እንደ ቃለሕይወት ነው የምትሆኚው» አለቻት።

«እሺ» አለች ለሊሴ፣ ከልቧ። ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በደስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅዳሜ ነጅማ ልታጠና መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየች።  ስልኳን አውጥታ ማስታወቂያውን ከፈተች፤ አብረው ሊያዩት። ሴትየዋ ሄደች፣ ፀጉሯ ተነሳ። ነጅማ በጣቷ ምስሉን አቆመችው። ቀረብ አድርጋ አየችው። ከዚያ የለሊሴን ኮፍያ አወለቀችና ትከሻዋን ይዛ አዞረቻት።

«ምን ሆነሻል?» አለች ለሊሴ።

«ዝም በይ።» ስልኳን ከለሊሴ ማጅራት ጎን ይዛ ቆየች። «ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ከኋላሽ ስቀመጥ የኖርኩት እኔ ነኝ። ከሰሌዳው በላይ ያየሁት ይህን ማጅራት ነው። ከግራ ጆሮሽ ኋላ የምትወጣው ጥምዝ ያለች ዘለላ ስንት ጊዜ በእስክሪብቶ ጎትቼብሻለሁ? ይሄው ናት። ቃለሕይወት ራስ ላይ ምን ትሠራለች?»

ለሊሴ ለመካድ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ቃል ገብታ ስለነበር አንድም ነገር አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም። ነጅማ ፊቷን አይታ ሁሉን ገባት። ዓይኗ ወደ ጠርሙሱ ሄደ፣ ወደ ለሊሴ ተመለሰ፣ እንደገና ወደ ጠርሙሱ።

«ቆይ» አለች ቀስ ብላ። «የራስሽን ፀጉር ለማግኘት ነው ቅባት የገዛሽው?»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት? ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እናቷ እንዳለች ከውጭ «ይሄ ነው ጥናቱ?» አለቻቸው። ለሊሴም ሌላ ምን ታደርጋለች፣ አጠገቧ ወድቃ አብራት ሳቀች። ለሳምንታት ብቻዋን የያዘችው ነገር ከደረቷ ላይ ሲነሳ ተሰማት።

«በይ ግን እውነቱን ንገሪኝ» አለች ነጅማ ዓይኗን እየጠረገች። «ይሠራል?»

«ሽታው ጥሩ ነው።»

«ሽታውስ በጣም ጥሩ ነው» አለች ነጅማ።

በዚያው ሰሞን ድርጅቱ ቃለሕይወትን ከወጣቶች ጋር የሚያገናኝ ዝግጅት አሰናዳ። ቦታው ሜክሲኮ፣ አንድ የገበያ ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ። እሑድ ከሰዓት ለሊሴ፣ ነጅማና ኮከቤ ሲደርሱ ሜዳው በሴቶች ልጆች ሞልቷል። ሙዚቃ አለ፣ ፊኛ አለ፣ ዘለላ የሚሸጥበት ረጅም ጠረጴዛ አለ። በሱፍቃድም የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ መድረኩ ጥግ ላይ ቆሟል። ቃለሕይወት ዊጓን አድርጋ፣ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ስትወጣ የተነሳው ጩኸት የባቡሩን ድምፅ ዋጠው።

ተጫወተች፣ ቀለደች፣ የነርሷን አነጋገር አሰማቻቸው። ከዚያ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ተባለ። ድምፅ ማጉያው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኮከቤ ጋ ደረሰ። ኮከቤ በሁለት እጇ ያዘችው።

«አንድ ጠርሙስ ሙሉ ጨረስኩ» አለች። ድምጿ ቀጭን ቢሆንም ሜዳው ሁሉ ሰማው። «አላደገም። ጥፋቱ የኔ ይሆን እንዴ ብዬ ነው። አንቺ እንዴት ነው የምትቀቢው?»

ልጅቷ እያማረረች አልነበረም፤ እየተማረች ነበር። ቃለሕይወት መልሱን ጀመረች፣ «ጠዋትና ማታ...» አለችና አቆመች። መድረኩ ጫፍ ድረስ መጥታ በርከክ አለች። ኮከቤን አየቻት። የልጅቷን አጭር ፀጉር አየች፣ በጥንቃቄ ተበጥሮ፣ በዘለላ ርሶ ወዝ ወዝ የሚል።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ኮከቤ።»

«ኮከቤ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለች። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ጆሮዋ ላከች፣ አንዳንድ ነገር ፈታች፣ ዊጉን አወለቀችው።

 ከሥር የወጣው ራስ ከኮከቤ ራስ ብዙም አይለይም። ቤካ ከመድረኩ ጎን ቆሞ ትኩስ ድንች የዋጠ ሰው መሰለ።

«ይሄ ነው የኔ ፀጉር» አለች ቃለሕይወት። «ለየፊልሙ ስቀባባው፣ ስተኩሰው ጎድቼው ነው። ዘለላን እቀባዋለሁ፤ ለዚህችው አጭሯ እቀባዋለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ አያደርቀኝም። ፀጉር ያስረዝማል ብዬ ግን ልነግርሽ አልችልም። የኔንም ገና አላስረዘመም። በማስታወቂያው ላይ ከኋላ ያያችሁት የሌላ ሰው ነው። የማን እንደሆነ እሷ ካልፈቀደች አልናገርም።»

ይህን ስትል ዓይኗ ለሊሴ ላይ ነበር። ለሊሴ ደነገጠች። ቤካን አየች፤ ቤካ እጁን ዘርግቶ ከዚህ በኋላ ምን ቀረ የሚል ምልክት አሳያት። ለሊሴ ገና እያሰበች ሳለ ነጅማ ክንዷን ይዛ ወደ ላይ አነሳችው።

«እዚህ ናት» አለች ነጅማ።

ለሊሴ መድረክ ላይ ወጣች። በሱፍቃድ ኮፍያዋን ተቀብሎ የፀጉሯን ማስያዣ ፈታላት። ፀጉሯ ሲወርድ እንደ ቀረጻው ዕለት ቬንትሌተር አልነበረም፤ የሜክሲኮ ነፋስ ብቻ ነበር። ከሜዳው አንድ ረጅም «እሰይ» ተሰማ፣ ጭብጨባው ተከተለ። አንዲት ልጅ ከኋላ ሆና ለቃለሕይወት «አጭሩም ያምርብሻል» አለቻት፤ ሌሎቹም «እውነቷን ነው» አሉ። ቃለሕይወት ለሊሴን አቅፋ አዞረቻት፣ ሁለቱም ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ቆሙ፣ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ቤካ ቅባቱን ጠቅልሎ ለመሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ግን ሰልፉ ከቅድሙ ረዝሟል። ግራ ገብቶት አንዷን ጠየቃት።

«ፀጉር አያስረዝምም ተብሎ እኮ ተነገራችሁ። ለምን ነው የምትገዙት?»

«እውነቱን የምትናገር ሰው ናት» አለችው ልጅቷ። «አያደርቅም ካለች አያደርቅም።»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ለሊሴ ከመድረክ ልትወርድ ስትል አንዲት ጠያቂ «አንቺስ በምን ነው የምትታጠቢው?» አለቻት። ለሊሴ በሕይወቷ ድምፅ ማጉያ ይዛ አታውቅም። አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች።

«ጋሼ ሰላሁን ሱቅ ባለው አረንጓዴ ሳሙና።»

ሰኞ ጠዋት ሰላሁን ሱቁን ሳይከፍት ሰው በሩ ላይ ጠበቀው። ሰላሁን ከለሊሴ ቤት ጀርባ ሱቅ ያለው ጎልማሳ ነው፤ አረንጓዴው ሳሙና መደርደሪያው ላይ አቧራ ጠጥቶ የሚኖር ዕቃ ነበር። እስከ ምሳ ድረስ አለቀ። ማክሰኞ ካርቶን አስመጣ፣ እሱም አለቀ። ረቡዕ ከሳር ቤት ድረስ የመጡ ልጆች «የለሊሴ ሳሙና አለ?» ብለው ጠየቁት። ከሰዓት በኋላ ሰላሁን ንጹሕ ኮቱን ለብሶ ነገሪ ግቢ መጣ።

«ፎቶሽን ሱቁ በር ላይ ብለጥፈውስ?» አላት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ያውቃሉ፣ ተራ ሳሙና እኮ ነው።»

«እኔ አውቃለሁ። እነሱ ግን አይሰሙኝም። ተራ ነው ስላቸው ደብቄ ላስወድደው መሰላቸው።»

ለሊሴ ሳቀች፣ ፎቶውን ግን እንቢ አለች። ደስ አላላትም ማለት ውሸት ነው። መንገድ ላይ ሰው ይጠራታል፣ ኮሌጅ ውስጥ የማያውቋት ፎቶ ያነሷታል። ቤት ስትገባ መስታወቱ ውስጥ ያለው ፀጉር እንደገና የራሷ ሆኗል። እናቷ ሁሉን ከሰማች በኋላ ነገሪን ሁለት ቀን አኩርፋ፣ በሦስተኛው ቀን ለጎረቤት ሁሉ «የኔ ልጅ ናት» እያለች ቢልቦርዱን ለማሳየት ሜክሲኮ ድረስ ትወስዳቸው ጀመር።

ቅዳሜ ኮከቤ መጣች። እጇ ላይ አረንጓዴው ሳሙና አለ፤ አልቆ እንደ ቅጠል ሳስቷል። ፀጉሯ እንደ ጭድ ደርቆ ቆሟል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ለሊሴ ደንግጣ።

«ጠዋትም ማታም ታጠብኩበት። ደረቀብኝ። እያሳከከኝ ነው።» ኮከቤ አልቅሳ ነበር መሰል ዓይኗ ቀልቷል። «ግን አንቺ ነሽ ያልሽው ብዬ አላቆምኩም።»

ለሊሴ ሳሙናውን ተቀበለቻት። አንዲት ቃል፣ ያውም በድንጋጤ የወጣች፣ የዚህችን ልጅ ራስ እንዲህ አደረገች። ደስታዋ ትንሽ ቀዘቀዘ። ቃለሕይወት መድረኩ ጫፍ ላይ በርከክ ያለችበት ምክንያት አሁን ነበር የገባት።

«ነይ ተቀመጪ» አለቻት። በእግሮቿ መሐል ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። «ስሚኝ። ይሄ ፀጉር ከአያቴ የመጣ ነው። ሳሙናው ምንም አላደረገም፣ እኔም ምንም አላደረግሁም። ያንቺ ደግሞ ካንቺ ሰዎች የመጣ ነው። ልስልስ ነው፣ ቀጭን ነው፤ የኔ እንዲህ አይታዘዝም። የኔን ለመሥራት እጄ ይዝላል።»

«አጭር ነው እኮ።»

«አጭር ላይ ነው የሚያምረው። እስቲ ቆይ።»

በዘለላው ቅባት አረጠበችው፣ በሚዶ በዝግታ አፍታታችው። ለሊሴ ሹሩባ የምትሠራው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ማንም አድንቋት አያውቅም፤ እሷም እንደ ሙያ ቆጥራው አታውቅም። ቀጫጭን መስመር ከግንባሯ አስነስታ እንደ ጨረር ወደ ኋላ በተነችው፣ ጆሮዋ ጋ አጠፍ አደረገችው። ኮከቤ መጀመሪያ ትቁነጠነጥ ነበር፤ በኋላ ዓይኗ እየተከደነ መጣ።

ነጅማ ስትመጣ ሥራው ወደ ማለቁ ነበር። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችና «ቀጥሎ እኔ ነኝ» አለች። ሰላሁን ሱቅ ሳሙና ሊገዙ የመጡ ሦስት ልጆች በበሩ ቀዳዳ አይተው ገቡ። አንደኛዋ ታናሽ እህቷን አመጣች። ነገሪ የሶፋ ትራሶቹን ከቤት አውጥተው መሬት ላይ ደረደሩላቸው። ከቀትር በኋላ በሱፍቃድ ፀጉር ቤቱ ለምን ጭር እንዳለበት ሊያጣራ መጣና ግቢው ሞልቶ አገኘው። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የኮከቤን ራስ ዞሮ አየ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ከዚህ በኋላ ቅዳሜና እሑድ እኔ ጋ ነሽ» አላት። «ሹሩባ የምትችል ሰው ካጣሁ ቆየሁ። ጥናትሽን አልነካም።» ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ፣ ከኪሱ ሚዶ አወጣ፣ አንዷን ልጅ አስቀመጠ። ሲያልበው አላስተዋለም።

ነጅማን ግን ለሊሴ ብቻዋን፣ ቤት ውስጥ በር ዘግታ ሠራቻት። ለማንም የማይታይ፣ ግን ከሁሉም የበለጠ የተወሳሰበ ሹሩባ ነበር። ለሊሴ ስትጨርስ ነጅማ በትንሽ መስታወት ኋላዋን አየች፣ ፈገግ አለች፣ ሂጃቧን መልሳ አሰረች።

ኮከቤ ግቢው ውስጥ ብዙ አልቆየችም። የእንዳለችን መስታወት ተውሳ ራሷን ከፊት አየች፣ ከጎን አየች። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች። አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ቀስ ብላ እየተራመደች፣ ምንም የምትገዛው ሳይኖር እስከ ሰላሁን ሱቅ ሄዳ ተመለሰች።